ለፍርሃቴ የከፈልኩት 240 ዶላር

ከሁለት ዓመት በፊት የመጀመሪያ የጁጂትሱ ውድድሬን ጨርሼ ስወጣ የመኪናዬን ቁልፍ ማዞር አቃተኝ። ጣቶቼ አልታዘዝ አሉ፤ ከክርኔ በታች ክንዴ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ነበር። የታገልኩት አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። በምሠራበት ፋርማሲ ስምንት ሰዓት ቆሜ ስውል እንኳ እንደዚያ ዝዬ አላውቅም። ውጤቱ 9 ለ 0 ነበር። ተጋጣሚዬ ጣለችኝ፣ 2 ነጥብ፤ እግሮቼን አልፋ ጎኔን ያዘች፣ 3 ነጥብ፤ ደረቴ ላይ ተቀመጠች፣ 4 ነጥብ። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ጓደኛዬ በስልኳ ከቀረጸችው ምስል ነው። እኔ የማስታውሰው የተጋጣሚዬን የልብስ ኮሌታ ብቻ ነው። እርሱን ጨብጬ አምስት ደቂቃ ሙሉ አልለቀቅኩትም።

ዛሬ የምጽፈው ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ተከታተልኩት ትምህርት ነው። በሰሜን ቨርጂኒያ፣ ከአሌክሳንድሪያ ወጣ ብሎ የሚገኝ አንድ ማሠልጠኛ ለውድድር ለሚዘጋጁ ሰዎች የስምንት ሳምንት ልዩ ክፍል ይሰጣል። ሐሙስ ማታና ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ከወርሃዊው ክፍያ በላይ 240 ዶላር ይጠየቃል። የማሠልጠኛውን ስም አልጽፍም። የማመሰግንበት ብዙ ቢሆንም የምነቅፈውም አለኝ፤ ቤቱም ትንሽ ነው፣ ሰዎቹም በየሳምንቱ የማገኛቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ክፍል ግን ዛሬ በብዙ ከተማ አለ። ልጁን ትግል ወይም ጁዶ የሚያስተምር ወላጅም ሆነ እንደ እኔ በሠላሳዎቹ ዕድሜ የጀመረ ሰው፣ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ምን መጠየቅ እንዳለበት ከእኔ ልምድ ቢያገኝ ደስ ይለኛል።

ጁጂትሱን ለማያውቅ፣ መመታታት የሌለበት ትግል ነው። ሁለት ሰዎች ወፍራም የጥጥ ልብስ ለብሰው፣ ቀበቶ ታጥቀው ይያያዛሉ። አንዱ ሌላውን ይጥላል፤ ትግሉ መሬት ላይ ይቀጥላል፤ አንገቱ የታነቀ ወይም ክርኑ የተቆለፈ ሰው በመዳፉ መታ መታ አድርጎ እጅ ይሰጣል። ሥሩ የጃፓን ጁዶ ነው። ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1882 ቶኪዮ ውስጥ ኮዶካንን መሠረተ፤ በዚያ የሠለጠነው ሚትሱዮ ማኤዳ በ1914 ብራዚል ገባ፤ የግሬሲ ቤተሰብ ከዚያ የተማረውን በራሱ መንገድ አሳደገው።

እኔ ያደግኩት ወንድሞቼ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ሣር ላይ ትግል ሲገጥሙ እያየሁ ነው። ጀርባው መሬት የነካ ተሸነፈ፤ ክርክር የለውም። ቋንቋችንም ይህንኑ ያስተምራል፤ ተሸናፊው የሚሰናበትበትን ውድድር «ጥሎ ማለፍ» እንላለን። በጁጂትሱ ግን ጀርባ መሬት ሲነካ ነገሩ ገና መጀመሩ ነው። ከታች ሆኖ በእግር መከላከል፣ ገልብጦ መውጣት፣ ማነቅም ይቻላል። ይህን ካወቅኩ ቆይቻለሁ፤ ሰውነቴ ግን አላመነውም ነበር። መውደቅ ውርደት ነው ተብሎ ያደገ ሰውነት ላለመውደቅ ኮሌታ ጨብጦ ይደርቃል።

በመጀመሪያው ሐሙስ ማንም አልታገለም። አሠልጣኙ በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያለ ዝምተኛ ብራዚላዊ ነው። ለአሥራ አንዳችንም ወረቀትና እርሳስ አደለንና ከውድድሩ ዋዜማ ምሽት አንሥቶ ተጋጣሚያችንን እስከምንይዝባት ቅጽበት ድረስ በሰውነታችን ላይ የሚሆነውን በቅደም ተከተል እንድንጽፍ አዘዘን። ያሰባችሁትን ሳይሆን የሆነውን ብቻ አለ። እኔ በአማርኛ ጻፍኩ፤ ስለ ሆዴ በሌላ ቋንቋ መጻፍ አልችልም። እንቅልፍ ማጣት፤ ጠዋት ምግብ አልዋጥ ማለት፤ በየአሥር ደቂቃው መጸዳጃ ቤት መመላለስ፤ የአፍ መድረቅ፤ የእጅ መንቀጥቀጥ፤ የልብ ድለቃ፤ የጣት መቀዝቀዝ፤ ስሜ ሲጠራ ጆሮዬ ውስጥ ጭው የሚል ድምፅ፤ ከዚያ በኋላ ባዶ።

ጮክ ብለን እንድናነብ ሲጠይቀን እየተረጎምኩ አነበብኩ፤ እያነበብኩም አንድ ነገር በራልኝ። በምሠራበት ፋርማሲ በአለርጂ ድንገት ለሚታፈኑ ሰዎች የሚሰጥ የአድሬናሊን መርፌ አዘውትሮ በእጄ ያልፋል። ከሳጥኑ ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ የጎንዮሽ ጉዳቶቹ ተዘርዝረዋል፦ የልብ ምት መፍጠን፣ መንቀጥቀጥ፣ መገርጣት፣ ማላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ ጭንቀት። ያነበብኩት የራሴ ዝርዝር የዚያ ወረቀት ግልባጭ ነበር። ከኩላሊቶቼ በላይ የተቀመጡት ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች ሥራቸውን መሥራታቸውን ነበር ለካ ፈሪነት ብዬ የጻፍኩት። ደም ከሆድ ወደ ጡንቻ ይሄዳል፤ ሆድ ምግብ የሚገፋው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን መረዳቴ ፍርሃቴን አልቀነሰውም። ሐፍረቴን ግን ቀነሰው፤ ከሁለቱም ይበልጥ የከበደኝ ሐፍረቱ ነበር።

በዚያው ምሽት አሠልጣኙ በሰሌዳው ላይ ኮረብታ ሳለ። ሮበርት የርክስና ጆን ዶድሰን እ.ኤ.አ. በ1908 በአይጦች ላይ ካደረጉት ሙከራ የመጣ ሐሳብ ነው። መነቃቃት ሲጨምር ችሎታ አብሮ ይጨምራል፤ ጫፉ ላይ ከደረሰ በኋላ ግን ቁልቁል ይወርዳል፤ ሥራው ከባድ በሆነ መጠን ቁልቁለቱ ቶሎ ይመጣል። «ፍርሃት እንዲጠፋላችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ገንዘባችሁን አሁኑኑ እመልሳለሁ» አለን። «እኔ የማስተምራችሁ ኮረብታው ላይ የት እንደ ቆማችሁ ማወቅንና ጥቂት ወደ ኋላ መመለስን ነው።» ገንዘቡን የጠየቀ አልነበረም።

የዚህ ትምህርት ትክክለኛ ዋጋ ያለው በቅዳሜው ክፍል ነው። ከዚህ በፊት በነበርኩበት ሌላ ማሠልጠኛ ለውድድር መዘጋጀት ማለት ብዙ መታገል፣ ብዙ መሮጥ፣ ብዙ ማላብ ነበር። እዚህ የቅዳሜ ጠዋት ዋና ሥራ መጠበቅ ነው። በእኛ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ይዘጋል። ከነትግል ልብሳችን ሚዛን ላይ እንወጣለን። ከዚያ ከግድግዳው ሥር ባለው አግዳሚ ላይ እንቀመጣለን፤ ስልክ የለም፣ ወሬ የለም። ከድምፅ ማጉያው የውድድር አዳራሽ ጫጫታ ይለቀቃል፤ የሕዝብ ጩኸት፣ የሰዓት ደወል፣ የማይሰማ ስም የሚጠራ ማይክሮፎን። ተጋጣሚዎቻችን ከሌላ ማሠልጠኛ የተጋበዙ የማናውቃቸው ሰዎች ናቸው። ዳኛ አለ፤ የነጥብ ሰሌዳ አለ። ማን ከማን እንደሚገጥምና መቼ እንደሚጠራ ግን ለማንም አይነገርም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ተጠራሁ። በሁለተኛው ሃምሳ ደቂቃ ጠበቅኩ። በሦስተኛው ስሜ ተጠርቶ ተነሥቼ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ስደርስ «ስህተት ነው፣ ተመለሺ» ተባልኩ፤ ከዚያ በኋላም ሳልጠራ ቀኑ አለቀ። በጣም ተቆጣሁ። የሳምንቱን ብቸኛ የዕረፍት ጠዋቴን ሰውቼ፣ ገንዘብ ከፍዬ፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ልመለስ! ይህንኑ ለአሠልጣኙ ነገርኩት። ተቆጥቶ አልመለሰልኝም። «ተቀምጠሽ ሳለ ጭንቀቱ ስንት ጊዜ መጣብሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። አሰብኩና ሦስት ጊዜ አልኩት። «በመካከሉ ሄዶልሽ ነበር?» አዎን፣ ሄዶ ነበር። «ባለፈው ውድድርሽስ?»

ባለፈው ውድድሬ አልሄደም ነበር። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት መጥቶብኝ እስከ ቀኑ ሰባት ሰዓት ድረስ፣ አምስት ሰዓት ሙሉ፣ ከእርሱ ጋር ስታገል ነው የዋልኩት። ሂድልኝ እያልኩ ባባረርኩት ቁጥር ተመለሰ። ምንጣፉ ላይ ስወጣ የቀረኝ ጉልበት አልነበረም። ከዚያች ሳልታገል ከተመለስኩባት ቅዳሜ ጀምሮ ግን ሲመጣ መምጣቱን፣ ሲሄድም መሄዱን መቁጠር ጀመርኩ። እንደ ክረምት ዝናብ ነው፤ ያዘንባል፣ ያባራል፣ እንደገና ያዘንባል። ይህን ሰው በቃል ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ አላምነውም ነበር። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ቆጥሬ አየሁት።

ለማሳለፊያ የተሰጠን አተነፋፈስ ቀላል ነው። አራት እስኪቆጠር ማስገባት፣ ስምንት እስኪቆጠር ማስወጣት፤ ቀስ ብሎ የሚወጣ ትንፋሽ የልብን ምት ያዘገያል። እኔ ቁጥር ስቆጥር ይበልጥ እጨናነቃለሁ። ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበርና በቁጥሩ ፋንታ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ማለት ጀመርኩ፤ ረጋ ተብሎ ሲባል ያንኑ ያህል ይወስዳል። አሠልጣኙ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይቶ ምን እንደምል ጠየቀኝ። ነገርኩት። «እርሱን አትለውጪ» አለኝ።

ሌላው የጠቀመኝ ነገር ሁለት መስመር ብቻ የሚጻፍበት ትንሽ ካርድ ነው፦ መጀመሪያ የምትይዘው ቦታና መጀመሪያ የምታደርገው ነገር። የተደናገጠ ሰው ከብዙ ነገር መካከል መምረጥ ስለማይችል አስቀድሞ ይመርጣል። የእኔን አብረን ጻፍነው። ቀኝ እጄ ኮሌታ፣ ግራ እጄ እጅጌ ይይዛል፤ ከዚያ በገዛ ፈቃዴ እቀመጣለሁ። በሕጉ ተጋጣሚውን ይዞ ወደ ታች መቀመጥ ለዚያኛው ወገን ነጥብ አያሰጥም፤ ከታች ሆኖ በእግር የሚጫወት ብዙ ሰው የሚጀምረው እንደዚህ ነው። ለእኔ ግን ካርዱ ላይ ያለችው «እቀመጣለሁ» የምትለው ቃል ከባድ ነበረች። ሰው ፊት፣ ማንም ሳይጥለኝ፣ ራሴ መሬት ልሂድ! ሁለት ሳምንት ያህል እሺ አላልኩም። ቆሜ እታገላለሁ እያልኩ በየቅዳሜው ተጣልኩ።

በአምስተኛው ሳምንት «መካከል መግባት» የሚሉት ልምምድ መጣ። አንድ ሰው ምንጣፉ መካከል ይቆማል። አምስት ያልደከሙ ሰዎች እየተፈራረቁ አንዳንድ ደቂቃ ይገጥሙታል። ሦስተኛው ላይ ጉልበት ያልቃል፤ አራተኛውና አምስተኛው ያሸንፋሉ፤ እንዲያሸንፉም ታስቦ የተሠራ ነው። የቀሩት ዙሪያውን ተቀምጠው በዝምታ ያያሉ። ማጨብጨብ፣ ማበረታታት፣ ማጽናናት ክልክል ነው።

ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ ከእናቴ ጋር በስልክ ተነጋግረን ነበር። «ልጄ፣ በዚህ ዕድሜሽ ከሰው ጋር መተናነቅ ምን አመጣብሽ?» አለችኝ። ስፖርት ነው፣ እማዬ፣ አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «እሺ፣ ከወደቅሽ በኋላስ ሰው ፊት እንዴት ትነሻለሽ?» አለች። መልስ አልነበረኝም። እናቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ለማንም ልናገረው ያልቻልኩትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረችው። የምፈራው ተጋጣሚዬን አልነበረም። ይሉኝታ ነበር። አሠልጣኙ ለዚህ ቃል የለውም፤ ላስረዳው ሞክሬ እስከ ግማሽ ድረስ ብቻ ተሳክቶልኛል።

መካከል ገባሁ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሰባት ጊዜ ወደቅኩ፣ ሦስት ጊዜ እጅ ሰጠሁ። ደወሉ ሲደወል ላቤን ጠርጌ ዙሪያዬን ተመለከትኩ። አንዱ የጣቱን ፕላስተር ያስተካክላል። አንዷ ውኃ ትጠጣለች። ሌላው ቀጣዩ ተራ የእርሱ ስለሆነ ፊቱ ገርጥቶ መሬት መሬት ያያል። የእኔን መውደቅ የቆጠርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ካርዴ ላይ እንደ ተጻፈው ይዤ ተቀመጥኩ።

ይህ ልምምድ ለእኔ የ240 ዶላሩን ግማሽ ያህል ይሆናል። ነገር ግን ክፍሉ ከአሥራ ስድስት ዓመት ጀምሮ ስለሚቀበል በመካከላችን አንድ ተማሪ ልጅ ነበር። እርሱ ከመካከል ሲወጣ አለቀሰ፤ ሕጉ ማጽናናትን ስለሚከለክል ማንም አላነጋገረውም። ይህ ትክክል አይደለም። የአዋቂ ሰው ዝምታና ለልጅ የሚሰጥ ዝምታ አንድ አይደሉም፤ ልጁ ዝምታውን እንደ ፍርድ ይወስደዋል። ልብስ መቀየሪያው በር ላይ ጠብቄ አነጋገርኩት፤ ለአሠልጣኙም በግልጽ ነገርኩት። ልጃችሁን የምታስመዘግቡ ወላጆች ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ካልተለወጠም ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ከልምምዱ በኋላ በነበረው ሐሙስ አሠልጣኙ ስለ ጃፓናዊቷ ኡታ አቤ አወራን። በቶኪዮ ኦሊምፒክ፣ በ2021 ሐምሌ ወር፣ እርሷና ወንድሟ ሂፉሚ በአንድ ቀን የጁዶ ወርቅ ወሰዱ። በፓሪስ 2024 በሁለተኛ ግጥሚያዋ በኡዝቤኪስታኗ ዲዮራ ኬልዲዮሮቫ ተጣለች፤ ከምንጣፉ እንደ ወረደች አዳራሹን በሚሞላ ድምፅ አለቀሰች። ያሸነፈቻት ኬልዲዮሮቫ ወርቁን ወሰደች፤ ሂፉሚም በዚያው ቀን በራሱ ክብደት አሸነፈ። የእህቱን ለቅሶ በሰማበት ቀን ተነሥቶ መታገል ነበረበት። እኔ ስለ ኡታ ሳይሆን ስለ እርሱ ሳስብ ነው ያመሸሁት።

የነጥብ ልምምዶቹም ጥሩ ናቸው፤ «በ2 ነጥብ እየተመራሽ ነው፣ አንድ ደቂቃ ቀርቷል» ተብሎ የሚጀመር ትግል ሰሌዳውን ማንበብ ያስተምራል።

ደካማ የሆነውን ልናገር። ከዋጋው ውስጥ የተካተተ የአንድ ሰዓት የስፖርት ሥነ ልቦና ትምህርት በቪዲዮ ይሰጣል። እኔ ከእርሱ ያገኘሁት ነገር የለም። «አሸናፊ መሆንህን በዓይነ ሕሊናህ ተመልከት» የሚል ንግግር ነው፤ ሰሌዳው ላይ ከተሳለው ኮረብታ አንድ እርምጃ አያልፍም። ያን ሰዓት በአግዳሚው ላይ ባሳልፈው ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ የባሰው የክብደቱ ምክር ነው። በዓለም አቀፉ የብራዚል ጁጂትሱ ፌዴሬሽን ሕግ በሚካሄዱ ውድድሮች ተወዳዳሪ የሚመዘነው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከመጀመሪያ ግጥሚያው ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ከነትግል ልብሱ ነው። ከምድቡ የክብደት ወሰን ካለፈ ይሰናበታል፤ ሁለተኛ ዕድል የለም። ውኃ አጉድሎ የተመዘነ ሰው ውኃውን የሚመልስበት ጊዜ አያገኝም ማለት ነው። እኔ ከልብሴ ጋር 66 ኪሎ ያህል ስለነበርኩ ከረዳት አሠልጣኞቹ አንዱ በመጨረሻው ሁለት ቀን ውኃ ቀንሼ፣ ሳውና ገብቼ እስከ 64 ኪሎ ወደሚፈቅደው ምድብ እንድወርድ መከረኝ። ለጾመኛ ሰው! ከሰኞ እስከ ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በፊት አልበላም፤ ከዚያ በኋላም ሽሮና ምስር ነው። እምቢ ብዬ እስከ 69 ኪሎ በሚፈቅደው ምድብ ተመዘገብኩ። ከሁሉም ተጋጣሚዎቼ ያነስኩ እንደምሆን አውቅ ነበር፤ ነገር ግን ከፍርሃት ጋር ጥምንም ደርቦ የሚወጣ ሰው ምን እንደሚሰማው በፋርማሲ መደርደሪያ በኩል አይቻለሁ። በዚህ ቤት ስለ ክብደት የሚነገረውን አትስሙ፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

በክፍሉ ከነበርነው አሥራ አንድ ሰዎች ሴቶች ሁለት ነበርን። የሚጋበዙት እንግዶችም ባብዛኛው ወንዶች ናቸው። ይህም መታረም አለበት።

ውድድሩ በደብረ ዘይት ዋዜማ፣ ቅዳሜ ቀን ዋለ። ቅዳሜ በመሆኑ ጠዋት መብላት ይቻላል፤ በማር የተመታ በሶ በላሁ፤ ሆዴም ተቀበለኝ። አዳራሹ ስደርስ ሁሉም ነገር የማውቀው መሰለኝ፤ ጫጫታው፣ አግዳሚው፣ የተሳሳተ ስም። መርሐ ግብሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ዘገየ። ጭንቀቱ አራት ጊዜ መጥቶ አራት ጊዜ ሄደ፤ ቆጠርኩት። ይጠሩኛል ብዬ ካሰብኩበት ሰዓት ሃያ ደቂቃ ቀደም ብሎ ከክፍል ጓደኛዬ ጋር ሦስት ደቂቃ በኃይል ታገልን፤ ይህም የትምህርቱ ክፍል ነው፣ የመጀመሪያው ድንጋጤ እዚያው እንዲወጣ። ሚዛኑ 65.2 ኪሎ አሳየ።

በመጀመሪያው ግጥሚያ ኮሌታና እጅጌ ይዤ ተቀመጥኩ። ገለበጥኳት፤ ገለበጠችኝ፤ ልትነሣ ስትል እግሯን ይዤ እንደገና ገለበጥኳት። አንድ መገልበጥ 2 ነጥብ ነው፤ 4 ለ 2 አለቀ። በሁለተኛው ከፔንሲልቬንያ የመጣች ጠንካራ ሴት ገጠመችኝ፤ በሦስተኛው ደቂቃ አካባቢ ክርኔን ቆለፈችና እጅ ሰጠሁ። ከዚያ ግጥሚያ የማስታውሰው ብዙ ነው። ግራ ጉልበቷን እንዴት እንዳስጠጋች፣ ክንዴን ለመደበቅ ግማሽ ሰከንድ እንደ ዘገየሁ፣ አሠልጣኙ «ክርን፣ ክርን!» ሲል ድምፁን እንደ ሰማሁት። ዳኛው የእርሷን እጅ ሲያነሣ ጎኗ ቆሜ ነበር፤ ጣቶቼ ይከፈቱ ይዘጉ ነበር። ከታች የሆነውን ሁሉ ለሰው መናገር እችላለሁ፤ በመጀመሪያው ውድድሬ አንድ ቃል እንኳ አልነበረኝም።

ትልቁ ጉድለት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ትምህርቱ የሚያልቀው ከውድድሩ በፊት ባለው ሐሙስ ነው። ሰኞ ሥራ ስገባ ውስጤ ባዶ ነበር፤ እስከ ረቡዕ ድረስ ያችን የዘገየኋትን ግማሽ ሰከንድ እየደጋገምኩ ስፈታት ስጠመጥማት ዋልኩ። ስምንት ሳምንት ሙሉ ወደ አንድ ቀን የገፋ ትምህርት ከቀኑ ማግስት የሚያነጋግረኝ ሰው አልመደበልኝም። በመጨረሻ ጓደኛዬ ቤት ቡና ተፈልቶ፣ በሦስቱም ስኒ ዕድሜ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረክሁላት፤ አቀለለኝ። ይህንን ለአሠልጣኙ ጽፌለት ከውድድሩ በኋላ አንድ ተጨማሪ ስብሰባ እንዲኖር ጠየቅኩት። ለሚቀጥለው ዙር አደርገዋለሁ አለ። እስካሁን አላየሁም።

እንግዲህ ፍርድ ከተጠየቅኩ፣ ተወዳድሮ የደነገጠ አዋቂ ሰው ቢገባበት ገንዘቡ አያስቆጨውም። ገና ያልተወዳደረ ግን መጀመሪያ አንድ ጊዜ ተወዳድሮ ይምጣ፤ በወረቀቱ ላይ የሚጽፈው ነገር ያስፈልገዋል። የሚቀጥለው ዙር ከፋሲካ በኋላ ይጀምራል። የምትሄዱ ከሆነ ቅዳሜ ከሦስት ሰዓት አሥር ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ፤ በሩ ከተዘጋ አይከፈትም። ከምንጣፉ ውጭ በባዶ እግር መሄድ ስለማይፈቀድ ነጠላ ጫማ ያዙ፤ አግዳሚው ብረት ነው፣ ጠዋት ይቀዘቅዛልና የሚነጠፍ ነገርም ያዙ።